ላይና ታች፦ የኤሌክትሪክ ሳይክል በጋይንት ዳገት



ኤሌክትሪክ ሳይክል የገዛ ወይም ሊገዛ ያሰበ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» ጥያቄው ለባሕር ዳር ሰው ይሆናል። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ሳይክልም እንደ ጫማ የሚያገለግልባት ከተማ ናት። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰው ግን መንገዱን በኪሎ ሜትር ለክቶ አያውቅም። አገሩን ሲከፍል እንኳ «ላይ ጋይንት» እና «ታች ጋይንት» ብሎ ነው የከፈለው። ከፍታው ላይ ያለችውን ከተማ ነፋስ መውጫ አላት። ወደ ደብረ ታቦር ሲሄዱ የምትገኘውን ደግሞ ክምር ድንጋይ አላት። ባትሪ የሚጨርሱት እነዚሁ ናቸው፤ ዳገቱ፣ ነፋሱና ድንጋዩ። ስሙን ያወጡት ሰዎች ሳይክል አላዩም፤ በእግርና በበቅሎ የሄዱ ናቸው። ለበቅሎ የከበደ መንገድ ለሞተርም ይከብዳል።

እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ዛሬ የምነግራችሁን ሒሳብ ለብዙ ዓመት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ሳይክል የገዛሁ ዕለት ግን ረሳሁት። ሻጩ «60 ኪሎ ሜትር» አለኝ፤ ካርቶኑም ላይ እንዲሁ ተጽፏል። በዚያው ሰሞን ከነፋስ መውጫ ወደ ቆላው 14 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ለቅሶ ነበረብኝ። ደርሶ መልስ 28 ነው፤ ግማሹን እንኳ አይሞላም ብዬ ተነሣሁ። ቁልቁለቱን ሞተሩን ሳልነካ ፍሬን ይዤ ወረድሁ። ስደርስ የባትሪው ምልክት ሙሉ ነበር። ለቀስተኛው መሀል ተቀምጬ በልቤ ስለ ሳይክሌ እኮራ ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ስመለስ እጀታውን እስከ ጥግ ጠምዝዤ፣ ፔዳል ሳልመታ፣ ዳገቱን ተያያዝሁት። ሲሶው ሲቀረኝ ምልክቷ ጠፋ። 25 ኪሎ ብረት እየገፋሁ ላቤ በፊቴ ሲወርድ፣ አንድ ሽማግሌ አህያቸውን እየነዱ ደረሱብኝ። ሳይክሏን ከላይ እስከ ታች አዩና «ልጄ፣ ይቺ በቅሎ ገብስ አልበላችም እንዴ?» አሉኝ።

«በልታ ነበር አባቴ፤ ጨረሰችው።»

«የመመለሻዋን ሳትይዝ ነዋ የወረድኸው!»

ከዚያ ቀን ወዲህ ዋት-ሰዓትን በልቤ «ገብስ» እያልሁ ነው የምቆጥረው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። አትፍሩት፤ ማባዛት የሚችል ሁሉ ይችለዋል። ባትሪያችሁ ላይ ሁለት ቁጥር ተጽፏል፤ ቮልትና አምፔር-ሰዓት። ሁለቱን አባዙ። የኔ 48 ቮልት፣ 10 አምፔር-ሰዓት ነው፤ 480 ዋት-ሰዓት ማለት ነው። ርካሹ 36 ቮልት በ10 ሲባዛ 360 ይሆናል። ጎተራችሁ ውስጥ ያለው እህል ይኸው ነው። ሻጭ ኪሎ ሜትር ሲነግራችሁ እሺ ብላችሁ ስሙት፤ ከዚያ ባትሪውን ገልብጣችሁ ይህን ቁጥር ፈልጉ።

ወጪውስ? እኔ 70 ኪሎ ነኝ፣ ሳይክሏ 25፣ ጓዜ 15፤ በድምሩ 110 ኪሎ። 110 ኪሎ ነገር 100 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት 30 ዋት-ሰዓት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ የሳይክሉ ማርካ ወይም ዋጋ ለውጥ አያመጣም፤ የምድር ስበት ለማንም አያዳላም። ሞተሩ ደግሞ ከባትሪው የወሰደውን ሁሉ ለጎማ አያደርስም። ደኅና ሲሠራ ሦስት አራተኛውን ያደርሳል፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ስለዚህ ከባትሪው የሚወጣው 40 ነው። ከዛሬው ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ፦ በየ100 ሜትር ከፍታ 40 ዋት-ሰዓት። 100 ሜትር ስል የመንገዱን ርዝመት ሳይሆን ከፍታውን ነው። መንገዱ ቢጠማዘዝም ቀጥ ቢልም ይህ ወጪ አይቀርም።

ሁላችሁም የምታውቁትን መንገድ እንውሰድ። ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,830 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደብረ ታቦር 2,700 ገደማ። መንገዱ 42 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከወረታ ሜዳ ተነሥቶ በአምድ በር፣ በዓለም ሳጋ ደን አድርጎ ይወጣል። ከፍታው ብቻ 350 ዋት-ሰዓት ይበላል። ጎማው ከአስፋልቱ ጋር ለሚያደርገው ትግልና ለአየሩ 200 ጨምሩበት። 550 ገደማ ሆነ። የኔ ጎተራ 480 ነው። እጀታውን ጠምዝዤ እንደ ሹም ተቀምጬ ብሄድ ደብረ ታቦርን ሳላይ እቀራለሁ። «60 ኪሎ ሜትር» የተባለችው ሳይክል 42 ኪሎ ሜትር አቃታት ማለት ነው። ሻጩ ግን ዋሽቷል አልልም። 60 የተባለው በሜዳ፣ በለሰለሰ አስፋልት፣ ጓዝ በሌለው ሰው፣ ነፋስ በሌለበት ቀን ነው። ያ ቀን እና ያ መንገድ ጋይንት ውስጥ የሉም እንጂ።

አሁን ፔዳል እንምታ። ጤነኛ ሰው ሳይጨነቅ፣ እያወራ፣ 75 ዋት ያህል በእግሩ ሊሰጥ ይችላል። በ2016 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስ በተባለው የሳይክል ውድድር በመሳተፍ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ለሆነው ለጽጋቡ ግርማይ ይህ ሽርሽር ነው፤ ለእኛም ከበድ ያለ የእግር መንገድ ቢሆን ነው። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ብንሄድ ወረታ–ደብረ ታቦር ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። በዚያ ጊዜ እግራችን የሚሰጠው፣ ከባትሪ ቢወሰድ ኖሮ 280 ዋት-ሰዓት የሚያስወጣ ነው። ከ550ው ግማሹ ተሸፈነ! ባትሪው ደብረ ታቦር ሲደርስ ገና 200 ይዟል። ከዚህ የሚበልጥ የባትሪ ማራዘሚያ አላውቅም፤ ሁለተኛ ባትሪ ከመግዛት ይልቅ ሁለቱን እግራችሁን አሠሯቸው። ወጣቶች ፔዳል መምታት ያሳፍራቸዋል፤ «ኤሌክትሪክ ነው ከተባለ ምን አደከመን» ይላሉ። ሳይክሉን እየገፉ መውጣትም እኮ ያደክማል፤ እኔን ጠይቁኝ።

እዚህ ላይ አንድ የታሪክ ነገር ጣልቃ ላስገባ። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ይዘው ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ የተነሡት በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። የደረሱት በመጋቢት ነው። መንገዱ በዚሁ በእኛ አገር፣ በጨጨሆ በኩል ነበር። መድፉ 7 ቶን ያህል ይመዝናል። በእኔ ሒሳብ ያን መድፍ 100 ሜትር ሽቅብ ለማውጣት የሰበቃውን ሳንቆጥር ከአምስት የሚበልጡ የኔን ዓይነት ሙሉ ባትሪዎች ያስፈልጋሉ። ንጉሡ የነበራቸው ግን የሰው ጉልበት ነው። እና ምን አደረጉ? ከመድፉ ፊት ፊት መንገድ አስጠረጉ፤ እሳቸውም በእጃቸው ሠሩ። ጉዞው ስድስት ወር ገደማ የፈጀው ለዚህ ነው። የሚከፈለው ጉልበት በድምሩ ያው ቢሆንም፣ ዳገቱ ለዘብ ሲል በአንድ ጊዜ የሚፈለገው ያንሳል።

ለሳይክል ሞተርም ጉዳዩ ይኸው ነው። ብዙዎቻችን የያዝነው ሞተር የኋላ ጎማው መሀል የተቀመጠ ነው። እሱ ማርሽ አይቀይርም። ቀጥ ባለ ዳገት ላይ ሲንፏቀቅ፣ ፍጥነቱ በሰዓት ከ10 ኪሎ ሜትር በታች ሲወርድ፣ ከባትሪው የሚወስደው ከፍተኛ ነው፤ ለጎማው የሚያደርሰው ግን ግማሽ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ሌላው ሙቀት ነው። ያን ቀን ከለቅሶ ስመለስ የሆነው እንዲህ ነው፤ ቆሜ የሞተሩን ክዳን በእጄ ብነካው እንደ ምጣድ ፈጀኝ። ገብሱ ዳገት ሳይወጣ በዚያ ተቃጥሎ አለቀ። ስለዚህ ፍጥነቱ ሲሞት በእግር አግዙት፤ ካልሆነም ወርዳችሁ ትንሽ ግፉት። አባቶቻችን ከባድ አቀበት ላይ ከበቅሏቸው ይወርዱ ነበር፤ ክብራቸው አልጎደለም። ሞተሩ ፔዳሉ መሀል የተተከለ ሳይክል ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ ሞተሩ የእናንተን ማርሽ ስለሚጠቀም ዳገት ከመጀመሩ በፊት ማርሹን ቀንሱለት። ከጀመረ በኋላ ከቀነሳችሁ ካቴናው ሊበጠስ ይችላል።

ቁልቁለትስ? «ስወርድ ባትሪው አይሞላም ወይ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። የአብዛኛው ርካሽ ሳይክል ሞተር ሲወርድ ዝም ብሎ ይሽከረከራል እንጂ አይሞላም። የሚሞሉ ዓይነቶች አሉ፤ እነሱም የሚመልሱት ከወጪያችሁ ጥቂቱን ነው። በዚያ ላይ ከነፋስ መውጫ ባትሪውን ጢም አድርጎ ሞልቶ የሚወርድ ሰው የሚመለሰውን ኤሌክትሪክ የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። የሞላ ማድጋ አይሞላም።

የአገራችን አቀማመጥ ተንኮሉም እዚህ ጋ ነው። ብዙ ከተሞቻችን ከላይ፣ ደጋው ላይ ናቸው፤ ወንዙና ቆላው ከታች። ስማዳ ወደ በሽሎና ወደ አባይ ሸለቆ ያዘቀዝቃል። ስለዚህ ጉዞ የሚጀምረው በቁልቁለት ነው፣ የሚያልቀው በዳገት ነው። ባትሪው መጀመሪያ ያታልላችኋል። 10 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ ምልክቱ አልተነቃነቀም፤ «ይቺ ሳይክል ጉድ ናት» ትላላችሁ። 400 ሜትር ከወረዳችሁ መመለሻው ለዳገቱ ብቻ 160 ዋት-ሰዓት ነው፤ ጠጠሩና የሞተሩ ሙቀት ሲጨመርበት 300 ይጠጋል። የሚቆጠረው መመለሻው ነው። ታች የሚኖር ሰው ወደ ላይ ሲሄድ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ባትሪው ግማሽ ሲቀረው ልቡ ሊጨነቅ አይገባም፤ ሲመለስ ፍሬን እንጂ ባትሪ አያስፈልገውም። የፍሬኑን ጎማ ግን ከመውረዱ በፊት ይይ።

ነፋስ መውጫ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል አየር በአንድ አራተኛ ይሳሳል። ቤንዚን የሚያቃጥል ሞተር በሳሳ አየር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ የባጃጅ ሾፌሮች ታውቁታላችሁ። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አይተነፍስም፣ ስለዚህ አይደክምም። የሳሳ አየር ለመሰንጠቅም ይቀላል። ይህ የደጋው ስጦታ ነው።

ከተማዋ ስሟን ያገኘችበት ነፋስ ግን ስጦታውን መልሶ ይወስደዋል። አየሩ ጸጥ ባለበት በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ስንሄድ ለአየሩ የምንከፍለው 45 ዋት ገደማ ነው። ከፊት በዚያው ፍጥነት፣ በሰዓት 20፣ የሚነፍስ ነፋስ ሲገጥመን ግን የምንከፍለው ሁለት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው፤ 180 ዋት። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ፍጥነት ቀንሱ። በዚያው ነፋስ ውስጥ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ብትሄዱ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ለአየሩ የምትከፍሉት በግማሽ ያህል ይወርዳል። ጋቢያችሁንም አጣፉት። በነፋስ የተነፋ ጋቢ እንደ ታንኳ ሸራ ነው፤ ያውም ወደ ኋላ የሚጎትት።

ጠጠር መንገድ ከአስፋልት ጋር ሲነጻጸር የጎማን ወጪ ከሁለት እጥፍ በላይ ያደርገዋል። ቻይናዎች የሠሩት የወረታ–ወልድያ መንገድ ላይ የሚሄድና ከእሱ ተገንጥሎ ወደ ገጠሩ የሚገባ ሰው አንድ ዓይነት ባትሪ ይዘው አንድ ዓይነት ቦታ አይደርሱም። መንገዱን እኛ አንለውጠውም። የጎማውን አየር ግን እንለውጠዋለን። ከጎማው ጎን ላይ ምን ያህል አየር እንደሚይዝ ተጽፏል፤ አነበባችሁት? እኔ ያየኋቸው አብዛኞቹ ጎማዎች በጣት ሲጫኗቸው የሚሰምጡ ናቸው። ጎሚስታ ዘንድ ሄዳችሁ በመለኪያ አስሞሉ፤ በጣት ግምት አይሆንም። አስፋልት ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ልክ ጠጋ ይበል፤ ጠጠር ላይ ጥቂት ይነስ፣ አለበለዚያ ይነጥራል። በለሰለሰ ጎማ ድንጋይ ስትረግጡ ደግሞ ከመነዳሪው በሁለት በኩል ይቀደዳል። ፍሬኑም ጎማውን እየላሰ የሚዞር እንዳይሆን ሳይክሉን አንሥታችሁ ጎማውን በእጅ አሽከርክሩ፤ ቶሎ ከቆመ ፍሬኑ ይዞታል ወይም ኩሽኔታው ደርቋል። አንዳንዱ ሰው ወር ሙሉ ፍሬን ይዞ እየሄደ ባትሪውን ይረግማል።

ስለ ባትሪው አያያዝ ጥቂት ልበል። ከኅዳር እስከ ጥር የጉና ተራራ ብርድ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ሊቲየም ባትሪ ሲበርደው ይቆራመታል፤ ዜሮ ዲግሪ አጠገብ ከሚሰጠው አምስተኛውን ያህል ሊያስቀር ይችላል። ሲሞቅ ይመልሰዋልና ማታ ከሳይክሉ ፈትታችሁ ቤት አስገቡት። ከዜሮ በታች በወረደ ብርድ ግን ቻርጅ ማድረግ ባትሪውን ለዘለቄታው ይጎዳዋል። ውጭ ውርጭ ላይ ያደረን ባትሪ ጧት በቀጥታ አትሰኩት፤ ቤት ውስጥ ይቆይ። ከዳገት ትኩሱን የገባውንም እንዲሁ፤ ይብረድለት። ከራሱ ቻርጀር በቀር በሌላ አትሙሉት። ገለባ፣ ድርቆሽ ወይም ፍራሽ አጠገብ፣ ሰው በተኛበት በር ላይ አታስቀምጡት፤ ሊቲየም ከተቀጣጠለ ውኃ በጣሳ አፍስሶ የሚያጠፋው የለም። በእርሳስ የሚሠራውን ከባዱን ባትሪ የያዛችሁ ደግሞ የተጻፈበትን ሁሉ እሰጣለሁ ብሎ ዳገት ላይ ቃሉን እንደማይጠብቅ እወቁ፤ በኃይል ሲጠየቅ ይሰስታል። እሱ ራሱ ከ15 ኪሎ በላይ ሊመዝን ስለሚችል ሌላ ጓዝ ነው።

አገራችን በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎችን ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከከለከለች ወዲህ የኤሌክትሪኩ ነገር እየሰፋ ነው። አዲስ አበባ ላይ ዶዳይ የተባለ ኩባንያ ባለ ሁለት ጎማ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችን እያቀረበ፣ ያለቀ ባትሪ በሞላ የሚለወጥበት አሠራርም ጀምሯል። እኛ ዘንድ ባትሪ የሚለወጥበት ጣቢያ የለም፤ መብራትም ይጠፋል። ስለዚህ መብራት ባለ ጊዜ መሙላት ነው፣ ለከርሞ እንደሚያጠራቅም ሰው። ከ360 ዋት-ሰዓት ባትሪ ጋር የሚያስፈራ የመብራት ክፍያ የለም። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ ያን ባትሪ ከባዶ እስከ ሙሉ የሚሞላው ኤሌክትሪክ ምጣዱ በሰባት ደቂቃ የሚፈጀው ነው። ባለቤቴ ይህን ከነገርኋት ወዲህ «ሁለት እንጀራ ተሳፍረህ መጣህ?» ትለኛለች።

ሳይክል ይዛችሁ ለመጣችሁ ውጭ በሩ አጠገብ መንፊያና የአየር መለኪያ አስቀምጫለሁ። ጎማችሁን ሳትለኩ አትሂዱ። ወደ ታች የምትወርዱ ደግሞ መጀመሪያ ከእኔ ጋር መመለሻችሁን እንቁጠር።